የመሪጌታ ኩታ በማኪና ሆድ ውስጥ

እንጥሽ!

ይማርህ ያላችሁኝ ያኑራችሁ። ያላላችሁኝንም አልቀየማችሁም፤ የእኔ ማስነጠስ በአንድ ይማርህ የሚመለስ አይደለም። ጉንፋን አልያዘኝም፤ ብርድም አልመታኝም። እንዲህ ያደረገችኝ ማጠቢያ ማኪና ናት። «ማጠቢያ ማኪና ደግሞ እንዴት አድርጋ ሰው ታስነጥሳለች?» ብትሉ፣ የእኔዋ ታስነጥሳለች። የእኔዋ የማትሠራው ጉድ የለም። ልብስ ማጠቡን ግን እንጃላት።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ አለዚያ በንዴት ከመሀል እጀምርና ትጠፉብኛላችሁ።

መብራት በፈረቃ፣ ውሃም በስንት ልመና የሚመጣበት ዘመን ነው። እኔና ባለቤቴ እናኑ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። አንዱ ክፍል መኝታችን ነው፤ መንገድ ዳር ያለው ደግሞ ሱቅ ይሆናል ብለን ያሰብነው፣ ግን ምን እንደምንሸጥበት ያልወሰንነው ባዶ ክፍል ነው። ማራኪ የተማሪና የአስተማሪ ሰፈር ነው። በየግቢው ተከራይ፣ በየተከራዩ አልጋ ሥር ደግሞ የቆሸሸ ልብስ ሞልቷል። ሌላው ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ እንጀራ ታየኝ።

አንድ ቀን መሀል ከተማ ያለ ሆቴል ዕቃውን ሲያድስ፣ አሮጌ የአንሶላ ማጠቢያውን አውጥቶ ግቢው ውስጥ አቁሟት አየሁ። በቃ፣ ልቤ እዚያው ቀረ፤ ገዛኋት። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ብለው የተረቱት አባቶች ለእኔ ነበር የተረቱት፤ ስሜን መጥራት አፍረው በበሬ አሳበቡ እንጂ።

ሰው ቤት የምታዩዋቸውን ትንንሽ ነጫጭ ማጠቢያዎች እንዳታስቡ። ይቺ የብረት ጉድ ናት። ቁመቷ ትከሻዬ ድረስ ነው። ፊቷ ላይ ክብ የመስታወት በር አለ፤ አናቷ ላይ ሳሙና የሚጨመርበት ክዳን ያለው አፍ አላት፤ ከጀርባዋ በቺንጋ የተጠመደ ሞተር ተሸክማለች። ከጭነት መኪና ላይ ያወረዷት ወዛደሮች እስከዛሬ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። በበሩ አልገባ ስትል ጊዜ መቃኑን አስነቀልኩ።

ጎረቤቴ ሐጂ ሰዒድ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ይህን ሲያዩ ቆዩና፣ «ጎረቤት» አሉኝ፣ «ቤቱን አፍርሰህ ማኪናዋን ከምታስገባ፣ ማኪናዋን እዚያው አቁመህ ዙሪያዋን ቤት ብትሠራ አይቀልህም?»

ሐጂ ሰዒድ እንዲህ ናቸው። አያታቸውም አባታቸውም ጎንደር ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ጨርቁን በክንድ ለክተው ይሸጣሉ፤ ምክር ላይ ግን መለኪያ የላቸውም፣ ሳይጠየቁ ጣቃውን ይዘረጉታል።

ማኪናዋ መመሪያ ይዛ አልመጣችም። ስለዚህ እያንዳንዱ ብልቷ በየተራው ጥፋት እየሠራ ራሱን አስተዋወቀኝ።

መጀመሪያ የተዋወቅሁት ከበሮውን ነው። ሆዷ ውስጥ አንዱ ባንዱ ውስጥ የገባ ሁለት በርሜል አለ። የውጪው ውሃ ይይዛል። የውስጡ፣ እኔ ከበሮ የምለው፣ ገላው ሁሉ ወንፊት ሆኖ ልብሱን ይዞ ይዞራል። በከበሮው ግድግዳ ላይ እንደ ጎድን አጥንት ወጣ ወጣ ያሉ ብረቶች አሉ። ሲዞር እነሱ ልብሱን ከውሃው ያነሱታል፣ አናት ላይ ያደርሱታል፣ ከዚያ ጧ! አድርገው ይለቁታል። ምስጢሩ ይኸው ነው። ቀሃ ወንዝ ዳር ልብሱን አንስተን ድንጋይ ላይ የምናላትመውን ነው ፈረንጅ በብረት የሠራው፤ ለዚህ ነው ያን ያህል የሚኩራራብን።

ደግሞ ወደ አንድ ወገን ብቻ አትዞርም። ወደ ቀኝ ትዞርና ቆም ብላ ታስባለች፤ ከዚያ ወደ ግራ። ይህን የማታደርግ ከሆነ ልብሱ ይገመዳል። እንዴት አወቅህ ካላችሁኝ፣ የገጠማት ኤሌክትሪሺያን አንድ ሽቦ ረስቶባት ወደ ቀኝ ብቻ ስትዞር የዋለች ዕለት ነው ያወቅሁት። የአንድ መምህር ሱሪና ሸሚዝ ተጋምደው እንደ በሬ መሳቢያ ሆነው ወጡ። መምህሩ ሲረከበኝ ወዲህ አገላብጦ፣ ወዲያ አገላብጦ፣ «ሱሪዬ ከየት ነው የሚጀምረው?» አለኝ።

ቀጥሎ ከአንጎሏ ጋር ተዋወቅን። ጎኗ ላይ ባለች ሳጥን ውስጥ ጥርስ ጥርስ ያላት ጥቅልል አለች። ቀጭ፣ ቀጭ እያለች ቀስ ብላ ትዞራለች፤ በየጥርሷም አንዱን ታበራለች፣ ሌላውን ታጠፋለች። አሁን ውሃ ይግባ፣ አሁን ይታጠብ፣ አሁን ይፍሰስ፣ አሁን ይለቅለቅ፣ አሁን ይጨመቅ። ያሰበችውን ሁሉ ሳትጨርስ በሩን አትከፍትም። መብራት ከጠፋ ባለችበት ትቆማለች፤ ሲመጣ ካቆመችበት ትቀጥላለች፤ እስከዚያ ድረስ በሩ እንደተቆለፈ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉት የእኔን ማኪና ስላላዩ ነው።

ከሁሉ ክፉው ግን ሥሯ ነው። ከሆዷ በታች ውሃ የሚለቀቅበት አፍ አለ። ያ አፍ የሚዘጋው በመብራት ኃይል ነው። መብራት ሲጠፋ ይከፈታል! የሠሪዋ ሐሳብ ይገባኛል፤ እሱ አገር መብራት ከጠፋ የመጨረሻው ቀን መጥቷልና፣ ቢያንስ ሰው ቤት ውሃ አይቆለፍ ብሎ ነው። እኛ ዘንድ ግን መብራት የሚጠፋው መብራት ስለሆነ ነው። በጀሪካን ተሸክሜ፣ ወገቤ ተቆርጦ የሞላሁት ውሃ፣ መብራት ቅንድቧን ባነቃነቀች ቁጥር ቧ! ብሎ ወደ መንገድ ይሄዳል። ውሃ ሲኖር መብራት የለም፤ መብራት ሲኖር ውሃ የለም፤ ሁለቱ የተገናኙ ዕለት ደግሞ ደንበኛ የለም።

አንድ ብልቷን ግን ሳልተዋወቀው ቆየሁ። ኤሌክትሪሺያኑ እግሮቿ ላይ ያሉትን የብሎን ቀዳዳዎች አሳይቶኝ፣ «ይቺን ሲሚንቶ አስገርፈህ ወለሉ ላይ ካላሰርካት ትሄዳለች» ብሎኝ ነበር።

«ወዴት ትሄዳለች?»

«እሱን እሷ ናት የምታውቀው።»

ሳቅኩበት። ምነው ባልሳቅኩ! ሲሚንቶውን ከጥምቀት በኋላ አስገርፋለሁ ብዬ ለጊዜው በአራት የባሕር ዛፍ ጣውላ ላይ አቆምኳት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ ስለ ማኪና ይሆናል ብዬ አልጠረጠርኩም።

በዚህ መሀል እናኑ ወለደች። ሴት ልጅ ናት፤ እልል በሉልን። ልጅቱ ግን ከማን እንደወረሰችው እንጃ፣ ማኪናዋ ስትዞር ካልሆነ አትተኛም። ማኪናዋ ቆመች ማለት ልጅቱ ጮኸች ማለት ነው። ስለዚህ ልብስ ሳይኖር እንኳ ባዶዋን አዞራታለሁ። እሹሩሩ የምትል ብረት ያለው ሰው ጎንደር ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አሁን ወደ ኩታው ልምጣ።

የእናኑ አባት መሪጌታ ልሳነወርቅ ይባላሉ። ባለቤታቸው፣ የእናኑ እናት፣ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቁጡ አይደሉም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ሲስቁ ያያቸው የለም። ሟቿ በሕይወት ሳሉ ጥጡን በእጃቸው ፈትለው ያሠሩላቸው አንድ ኩታ አላቸው። መሪጌታ ያን ኩታ የሚለብሱት ለጥምቀት ብቻ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ታቦቱ ፊት ቆመው ወረብ የሚመሩ ሰው ደግሞ ምን ይሁኑ! ዓመቱን ሙሉ ሳጥን ውስጥ ይከርማል፤ ጥምቀት ሲደርስ ይታጠባል። መጀመሪያ ሟቿ ነበሩ የሚያጥቡት፤ ከእሳቸው በኋላ እናኑ። ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም።

ዘንድሮ እናኑ አራስ ናት። መሪጌታ ልጅቱን ሊያዩ መጥተው፣ «እንግዲህ የዘንድሮው ኩታ አይታጠብም፤ እንዳለ እለብሰዋለሁ» ሲሉ ሰማሁ። ዝም ማለት ነበረብኝ። ሰው ዝም ቢል ምን ይጎድልበታል?

«በእኔ ይሁንብዎ መሪጌታ!» አልኩ። «ያቺን የምታህል ማኪና ቤት አቁመን?»

ከመኝታ ክፍል እናኑ ጉሮሮዋን ጠራረገች። የገባኝ ዘግይቶ ነው።

መሪጌታ ማኪናዋ ፊት ሄደው ቆሙና በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አደረጓት።

«ታኝካለች?» አሉኝ።

«ኧረ ታጥባለች እንጂ!»

«በምን?»

«በዱቄት ሳሙና ነዋ።»

«ሸጋ» አሉ፤ ፊታቸው ግን ሸጋ አላለም።

በነጋታው ኩታውን በጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው ሰጡኝ። ኩታውን ልስመው ምንም አልቀረኝ። እናኑ አልጋዋ ላይ ሆና ጠራችኝና ጣቷን ቀሰረችብኝ። «የእማዬን ኩታ አንድ ነገር ብታደርገው፣ ወላዲተ አምላክን፣ አራስ ነኝ ብዬ አልተኛልህም!»

ኩታውን ይዤ ውሃ ጠበቅሁ። ውሃ የለም። ዛሬ፣ ነገ ስል ጥምቀት ደረሰ። ውሃዋ የመጣችው በከተራ ዕለት ጠዋት ነው! ቧንቧው ሲያስል ሰምቼ በካልሲ ሮጥኩ። ታቦቱ ከቀትር በኋላ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይወርዳል። እስከዚያ አጥቤ፣ ጨምቄ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ማድረስ አለብኝ።

ኩታውን ስዘረጋ ጫፉ ላይ ቋጠሮ አገኘሁ። እንቁላል የሚያህል፣ ጥብቅ ያለ ቋጠሮ። የእኛ ሰው በነጠላው ጫፍ የማይቋጥረው የለም፤ ቁልፍ ይቋጥራል፣ ቆሎ ይቋጥራል። የሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው እፈታው ነበር። ይሄ ግን የመሪጌታ ቋጠሮ ነው። በጣቴ ብዳስሰው ዱቄት ዱቄት አለኝ። ደነገጥኩ። እምነት ነው አልኩ በሆዴ፤ ከጸበል ቦታ ያመጡት የተባረከ አፈር። ፈትቼ የት ላድርገው? መሬት ብደፋው ኃጢአት ነው። በሳሙና ብርጭቆ ባስቀምጠው ድፍረት ነው። እናኑን እንዳልጠይቃት ሌሊቱን ልጅቱ አላስተኛቻትም፣ ገና አሁን ነው ሸለብ ያደረጋት። እምነት እንደሆነ ከውሃ ጋር ጠላትነት የለውም፤ በጸበል አይደል የሚበጠበጠው? እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩና፣ ቋጠሮውን ተሳልሜ እንዳለ ከተትኩት።

ኩታው ብቻውን ደግሞ አይሆንም። ይቺን የሚያህል ሆድ ውስጥ አንድ ኩታ ብቻ ከገባ በአንድ ወገን እየተንጠለጠለ ከበሮውን ያንገጫግጨዋል። ስለዚህ ነጭ ነጩን መርጬ የእናኑን ነጠላዎችና የራሴን ጋቢ ጨመርኩበት። ጋቢው ወፍራም ነው፤ ወፍራምነቱን ልብ በሉልኝ። ሳሙናም ጨመርኩ፤ አንዲት እፍኝ የማትሞላ። አዞርኳት።

ወደ ቀኝ፣ ቆም፣ ወደ ግራ። ልጅቱ ተኛች። እኔም በርጩማ ላይ ተቀምጬ በመስታወቱ ኩታው ሲነሳና ሲወድቅ እያየሁ «ሰው ማለት እንዲህ ነው!» አልኩ። ስለ ራሴ ነው።

ወዲያው መስታወቱ ነጭ ሆነ። ልብሱ አይታይም፤ ከበሮው አይታይም፤ አረፋ ብቻ። ቀጥሎ አናቷ ላይ ያለችው ክዳን ትንሽ ብድግ አለች። ከሥሯ አረፋ አንገቱን አወጣ። በእጄ ደፈንኩት። በጎን መጣ። ጎኑን በክርኔ ያዝኩት። በሌላው ጎን መጣ። እሷ ደግሞ እያነሳች በጣለችው መጠን ይባዛል እንጂ አይቀንስም። ወለሉን ሸፈነ፣ በርጩማዬን ዋጠ፣ ጫማዬን የት እንዳወለቅኩት ጠፋኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፤ አረፋ ግን እያሾፈ ነው የሚወስደው።

ሐጂ ሰዒድ በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ያ አላህ! ምነው፣ ቤትህ ደባርቅ ሆነ እንዴ? በረዶ ጣለብህ?»

«ሐጂ፣ እባክዎ አሁን ሳቅ አይደለም!»

«አልሳቅኩም ወላሂ» አሉ፤ ጢማቸው ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ መብራት ሄደ።

ከበሮው እያቃሰተ ቆመ። ልጅቱ ነቅታ ጮኸች። ያ መከረኛ አፍ ከሥር ተከፈተና የጠዋቷ ውሃ በሙሉ ቧ! ብላ ወጣች። አረፋውን ፊት ለፊቷ እየነዳች በሩን አልፋ፣ መንገዱን ይዛ፣ በሐጂ ሱቅ ደጃፍ ወደ ታች ወረደች። ከማዶ ሁለት ተማሪዎች ቆመው ያጨበጭባሉ። የማኪናዋን በር ብስበው ተቆልፏል። ኩታው፣ የሟቿ ኩታ፣ ሳይለቀለቅ በአረፋ ተጠቅልሎ ውስጥ ቀርቷል።

«ምንድን ነው የፈሰሰው?» አለች እናኑ ከውስጥ።

«ምንም አይደለም!»

«ኩታው ደረሰ?»

«ሊደርስ ነው!»

«ድምፅህ እንዲህ የሚቀጥነው ስትዋሽ ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይቀጥናል።

ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። ውሃዋ ሄዳለች። መስታወቱ ፊት ቁጭ አልኩና፣ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ የልጅ አባት ሆኜ፣ እንባዬ መጣ። መዶሻ አምጥቼ መስታወቱን ልስበረው አልኩ። ስብርባሪው ኩታው ላይ ቢሄድስ? ደግሞ ተውኩት። መሪጌታ መጥተው ባዶ እጄን ሲያዩኝ ምን እላቸዋለሁ? ያቺ ሴትዮ ጣታቸው እስኪደነዝዝ የፈተሉትን፣ ሰውዬው በዓመት አንዴ ብቻ የሚያወጡትን ነገር፣ ለሆቴል ብረት አስረከብኩባቸው።

ሐጂ ሰዒድ ሳቁን ትተው አጠገቤ ቆሙ። «የመሪጌታ ኩታ ነው እንዴ ውስጥ ያለው?»

«አዎ።»

ወደ ቤታቸው ሄደው በሁለት እጃቸው ጀሪካን አንጠልጥለው ተመለሱ። «በርሜል ውስጥ ለውዱ፣ ከሶላት በፊት ለምታጠብበት፣ ያስቀመጥኩት ነው» አሉ። «ለሌላ ሰው ቢሆን ጠብታ አልሰጥም። መሪጌታ ግን ሱቄ ደጃፍ ሲያልፉ ሰላም ሳይሉኝ አልፈው አያውቁም።»

ደግነቱ መብራቱ ብዙ አልቆየም፤ መጣ። ጥቅልሏ ቀጭ ብላ ካቆመችበት ቀጠለች። በአናቷ በጆግ እየቀዳን እናፈስላታለን፣ እሷ ታለቀልቃለች፣ አረፋ ታፈሳለች፤ እንደገና እናፈስላታለን፣ እንደገና አረፋ። የሐጂ በርሜል ሊነጥፍ ደረሰ፤ አረፋው ግን ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሐጂ የመጨረሻውን ጀሪካን ሊያመጡ እንደወጡ ጥቅልሏ ቀጭ አለች።

ጨመቃ ገባች።

ጨመቃ ማለት ከበሮው ባለ በሌለ ጉልበቱ ሲሽከረከር ነው፤ ውሃው በወንፊቱ በኩል ተወርውሮ እንዲወጣ። ልብሱ ዙሪያውን እኩል ከተቀመጠ ሸጋ ነው። ጋቢዬ ግን፣ ወፍራምነቱን ልብ በሉ ብያችሁ ነበር፣ ውሃውን ጠጥቶ በአንድ ወገን ተጋድሟል። ከበሮው በዞረ ቁጥር ያ ወገን ይደበድባታል። ድብ፣ ድብ፣ ድብ! ማኪናዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ከጣውላዎቹ ላይ ወረደች፣ ከዚያ ሄደች። ኤሌክትሪሺያኑ እውነቱን ነው፤ ወዴት እንደምትሄድ እሷ ነበረች የምታውቀው። አረፋው ወለሉን አሙለጭልጮላት፣ ጀርባዋን ያቀፍኩትን እኔን እየጎተተች፣ በቀጥታ ወደ በሩ ሄዳ ከውስጥ ዘጋችው። በጎኗ ተደግፋው ቆመች። መጭመቋን ግን አላቆመችም።

በዚህ ጊዜ ነው መሪጌታ የመጡት። ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከሐጂ ጋር በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ብቅ አሉ።

«ደረሰ?» አሉኝ።

«እየተጨመቀ ነው መሪጌታ።»

«በሩ ምነው አይከፈትም?»

«ማኪናዋ ይዛዋለች።»

«ማን ነው አምጥቶ እዚያ ያቆማት?»

«ራሷ ናት የመጣችው።»

«በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ከዚያ ዓይናቸው ወለሉ ላይ አረፈ። «ይህ ሁሉ አረፋ ምንድን ነው?»

«እኔስ መች አወቅሁት! ሳሙና እንደሆነ እፍኝ የማይሞላ ነው የጨመርኩት!»

መሪጌታ ፍርግርጉን ያዙ። ቀስ ብለው፣ «ቋጠሮውን የት አደረግኸው?» አሉ።

«እንዳለ አስገባሁት። እምነት መስሎኝ ልፈታው ፈራሁ።»

«የምን እምነት? እንዶድ ነው እንጂ!»

ሐጂ ሰዒድ ያመጡት ጀሪካን ላይ ቁጭ ብለው ሆዳቸውን ያዙ። እንዶድ! ያ ሲመቱት፣ ሲያሹት፣ ሲያላትሙት እንደ ጉድ የሚያረፋ የነጭ ልብስ ማጠቢያ ፍሬ። እኔ ደግሞ ሥራዋ ማላተም ብቻ የሆነች ማኪና ውስጥ ከትቼው!

«መሪጌታ፣ ምነው ቢነግሩኝ?»

«ቋጠሮ አይቶ የማይፈታ ሰው አለ ብዬ መች ጠረጠርኩ?» አሉ። «ያንን ዱቄታችሁን አላመንኩትም። ሟቿ ወቅጣ በቅል ያኖረችው እንዶድ ነበረ፤ ከእሱ ነው በየዓመቱ ቆንጥሬ ለእናኑ የምሰጣት። ዘንድሮ ማኪናዋን ሳያት ግን ትልቅ ሆነችብኝ። ቁንጥር አይበቃትም ብዬ የቀረውን ሁሉ ቋጠርኩላት።»

ከመኝታ ክፍል ድምፅ መጣ። «ሁሉንም? የእማዬን እንዶድ ሁሉንም አባዬ?» እናኑ ልትቆጣ ጀምራ ድምፅዋ መሀል ላይ ተቆረጠ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ወደ መቋሚያቸው ጫፍ አወረዱ። የእኔም ንዴት በረደ።

ማኪናዋ ቀስ እያለች፣ እያቃሰተች፣ ቆመች። ጥቅልሏ ለመጨረሻ ጊዜ ቀጭ አለች፤ የመስታወት በሯም ተከፈተ። እጄን ሰድጄ ነጠላዎቹን ገፍቼ፣ ያን ጠላቴን ጋቢ ወርውሬ፣ ኩታውን አወጣሁት። አገላበጥኩት። አልተቀደደም። ጥለቱ አልለቀቀም። እንዲያውም እንዲህ ነጭ ነገር አይቼ አላውቅም። ቋጠሮው ባዶ ሆኖ እንደ ደረቀ በለስ ተጨማዶ ተንጠልጥሏል። አልደረቀም እንጂ ምንም አልሆነም። በፍርግርጉ መሀል ቀስ አድርጌ አሳለፍኩላቸው።

መሪጌታ ተቀብለው አፍንጫቸው ላይ አደረጉት። ሐጂ ሳቃቸውን አቁመው ወደ ሌላ አቅጣጫ ማየት ጀመሩ።

«እሷን እሷን ይላል» አሉ መሪጌታ።

ከዚያ እርጥቡን ደረቡትና፣ «ፀሐይዋ ታደርቀዋለች» ብለው ወደ ደብራቸው ሄዱ።

በማግስቱ፣ በጥምቀት፣ እናኑ «ሂድና እይልኝ» ብላ አባረረችኝ። ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ከሕዝቡ ጋር ተጋፍቼ ቆምኩ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ውሃው ተባረከና በሕዝቡ ላይ ይረጭ ጀመር። መሪጌታ ፊት ለፊት ናቸው፤ ኩታቸው ከሁሉም ኩታ ነጥቶ ይታያል፤ ልቤ በኩራት ተነፋ። ወዲያው ውሃው እሳቸው ዘንድ ደረሰ።

ትከሻቸው አረፋ አወጣ።

በደንብ አልለቀለቅነውም ብያችሁ አልነበር? መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ቀጥሎ ጀርባቸው፣ ከዚያ ያ ባዶ ቋጠሮ ራሱ እየተንጠባጠበ ያረፋል። ከአጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ምን እንደመሰላቸው እንጃ፣ እልልታውን አቀለጡት። ሌሎችም ተቀበሏቸው። እኔ አንድ ረጅም ሰው ጀርባ ገባሁና መሬት እንድትውጠኝ ለመንኳት።

መሪጌታ አንገታቸውን አዙረው ትከሻቸውን አዩ። አረፋውን በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱት። ከዚያ ሳቁ። እያየኋቸው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ማታ ለእናኑ ስነግራት አላመነችኝም፤ «ድምፅህ ግን አልቀጠነም» አለችና አለቀሰች።

በዓሉ ካለፈ በኋላ መሪጌታ ልጅቱን ሊያዩ መጡ። ልጅቱን ታቀፉ፣ መረቁ፣ ማኪናዋንም በመቋሚያቸው ነካ አደረጓት፤ እንደ ዘመድ።

«ለከርሞ ካደረሰን በእሷው ታጥብልኛለህ» አሉኝ።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። የምርቃት ያህል ቆጠርኩት።

«እንዶዱ ግን አልቋል» ብለው ከኩታቸው ሥር አንድ ቅል አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡ። ባዶ ነው። ጣታቸውን አንገቱ ላይ አሳርፈው፣ «እሷ እስከዚህ ድረስ ትሞላው ነበር» አሉ። «አሁን የምትወቅጠው አንተ ነህ።»

ይኸው እንግዲህ። ከማክሰኝት ገበያ የደረቀ እንዶድ አስመጥቼ፣ ያቺን የምታህል ማኪና ከጀርባዬ አቁሜ፣ እኔ ሙቀጫ ፊት ተቀምጬ እወቅጣለሁ። የእንዶድ ትቢያ አፍንጫ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የማታውቁ ካላችሁ አትወቁት። መብራት ስለሌለ ማኪናዋ ቆማለች፤ ልጅቱ በሙቀጫው ድምፅ መተኛት ለምዳለች፤ ስለዚህ ማረፍም አልችልም። ሐጂ ሰዒድ ከሱቃቸው ሆነው፣ «ጎረቤት፣ የማኪናህ ድምፅ ተቀየረብኝ፤ አሠራሃት እንዴ?» ይሉኛል። እናኑ ደግሞ ከውስጥ፣ «ይድቀቅ! የእማዬ እንደ ዱቄት ነበር!» ትለኛለች።

ቅሉን አነሳሁና ወደ ብርሃን አድርጌ አየሁት። መሪጌታ ጣታቸውን ያሳረፉበት ቦታ ገና ሩቅ ነው፤ ግማሹ እንኳ አልሞላም።

እንጥሽ!